ማሽንን ማሰብ ሊያስተምሩ የተነሡት የቼዝ ሊቅ፦ ሚኻይል ቦትቪኒክ

በአውሮፓውያኑ ነሐሴ 1977 የካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ እንግዳ የሆነ ውድድር ታስተናግድ ነበር። ተፋላሚዎቹ ሰዎች ሳይሆኑ ኮምፒውተሮች ናቸው። ውድድሩም ሁለተኛው የኮምፒውተሮች የዓለም ቼዝ ሻምፒዮና ነው። ጨዋታውን ለመመልከት በአዳራሹ ከታደሙት እንግዶች መካከል መነጽር ያደረጉ፣ ኮስታራ ገጽታ ያላቸው የ65 ዓመት መሐንዲስ ይገኙበት ነበር። እኚህ ሰው የዓለምን የቼዝ ዘውድ ሦስት ጊዜ የጨበጡት ሶቪየታዊው ሚኻይል ቦትቪኒክ ናቸው።

ካይሳ የተሰኘው የሶቪየት ኅብረት ፕሮግራም ዳቸስ ከተባለው የአሜሪካ ፕሮግራም ጋር እየተጫወተ ነው። በ34ኛው እርምጃ ዳቸስ በንግሥቷ የካይሳን ንጉሥ አጠቃ። ካይሳ ንጉሡን ወደ ጎን አሽሽቶ ጨዋታውን መቀጠል ሲችል ግንቡን በነጻ አሳልፎ ሰጠ። ተመልካቹ ማሽኑ ተሳሳተ ብሎ ደመደመ፤ ቦትቪኒክም ከዚህ የተለየ አላሰቡም። ካይሳ በመጨረሻ ተሸነፈ።

ኋላ ላይ ፕሮግራሙ ያን እርምጃ ለምን እንደመረጠ ሲመረመር ግን ሌላ እውነት ወጣ። ንጉሡ ቢሸሽ ኖሮ ዳቸስ ንግሥቷን ሠውቶ በጥቂት እርምጃዎች ቼክ ሜት ማድረግ ይችል ነበር። ካይሳ ግንቡን የሰጠው ከዚያ ሞት ለማምለጥ ነው። በአዳራሹ ከነበሩት ሰዎች፣ ከቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ጭምር፣ ያን የተደበቀ ጥቃት ያየ አልነበረም።

ዛሬ እንዲህ ያለው ቦታ ለቼዝ ተማሪ የሚቀርብ የታክቲክ መልመጃ ይባላል። መልመጃዎቹን ከጨዋታዎች መካከል ነቅሰው የሚያወጡትም ሶፍትዌሮች ናቸው። ቦትቪኒክ ግን ከማሽን የፈለጉት ከዚህ የላቀ ነገር ነበር። መልሱን ብቻ ሳይሆን መልሱ የሚገኝበትን መንገድ እንዲያውቅ፣ እንደ ሰው አልሞ እንዲያስብ ሊያስተምሩት ተነሡ። የሕይወታቸውን የመጨረሻ ሦስት አሥርት ዓመታትም ለዚሁ ሰጡ።

ከጥርስ ሐኪም ቤት እስከ ኤሌክትሪክ ምሕንድስና

ሚኻይል ሞይሴየቪች ቦትቪኒክ የተወለዱት ነሐሴ 17 ቀን 1911፣ ያኔ በሩሲያ ዛር ሥር በነበረችው ፊንላንድ፣ ኩኦካላ በተባለች የባሕር ዳርቻ መንደር ነው። ቦታዋ ዛሬ ሬፒኖ ተብላ የሴንት ፒተርስበርግ አካል ሆናለች። ቤተሰባቸው አይሁዳዊ ነው፤ አባታቸው የጥርስ ቴክኒሻን፣ እናታቸው ደግሞ የጥርስ ሐኪም ነበሩ።

ቼዝን የተማሩት በ12 ዓመታቸው ነው። ለታላቅ ተጫዋች ይህ ዘግይቶ እንደመጀመር ይቆጠራል። የዘገዩ ግን አልመሰሉም። በ1925 የወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን ኩባዊው ሆሴ ራውል ካፓብላንካ ሌኒንግራድ መጥተው በአንድ ጊዜ ከብዙ ተጫዋቾች ጋር ሲገጥሙ፣ ከአሸናፊዎቹ አንዱ የ14 ዓመቱ ታዳጊ ቦትቪኒክ ነበሩ።

በ1931 ገና 20 ዓመት ሲሞላቸው የሶቪየት ኅብረት ሻምፒዮን ሆኑ። ሆኖም ቼዝን ብቸኛ እንጀራቸው ለማድረግ አልፈለጉም። በሌኒንግራድ ፖሊቴክኒክ ተቋም የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምረው በሙያው ቀጠሉ፤ በ1951ም የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። ሁለቱ ሙያዎች በእሳቸው ዘንድ የተለያዩ አልነበሩም። መሐንዲስ ችግርን በክፍል በክፍሉ ነጣጥሎ እንደሚመረምር ሁሉ እሳቸውም ቼዝን ነጣጥለው መረመሩት።

ለምሳሌ የትንባሆ ጭስ ሐሳባቸውን እንደሚበትነው ሲረዱ፣ የሥልጠና አጋራቸው ቪያቼስላቭ ራጎዚን በልምምድ ጨዋታ ላይ ፊታቸው ላይ እንዲያጨሱባቸው አደረጉ። ድክመታቸውን አልሸሹትም፤ መልመጃ አበጁለት እንጂ። የራሳቸውን ጨዋታዎች በጽሑፍ ተንትነው የማሳተም ልማድም ነበራቸው። ስህተታቸውን ሌሎች እንዲያርሙት በአደባባይ ማስጣት ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው ብለው ያምኑ ነበር።

የተሠዋው ጳጳስ

በኅዳር 1938 በኔዘርላንድስ የዘመኑ ስምንት ኃያላን ተጫዋቾች የተገናኙበት፣ አቭሮ በመባል የሚታወቀው ውድድር ተካሄደ። ቦትቪኒክ በዚያ ውድድር ከካፓብላንካ ጋር ያደረጉት ጨዋታ ስማቸውን ከቼዝ ትምህርት ጋር ለዘለዓለም አቆራኘው።

በ30ኛው እርምጃ ላይ የቦትቪኒክ አንድ ወታደር ወደ ተቃራኒው ጫፍ ለመድረስ ሁለት አደባባይ ብቻ ቀርቶት ነበር። ከተሻገረ ንግሥት ይሆናል። ነገር ግን የካፓብላንካ ንግሥት ከፊቱ ቆማ መንገዱን ዘግታለች። ቦትቪኒክ ጳጳሳቸውን አንሥተው ንግሥቲቱ በነጻ ልትበላው በምትችልበት ስፍራ አኖሩት። ካፓብላንካ በሉት፤ ንግሥታቸውም ከዘብ ቦታዋ ተነሣች። በቀጣዩ እርምጃ ቦትቪኒክ ፈረሳቸውንም ሠዉ። ሁለት ጠጠር ከፍለው የጥቁሩን ንጉሥ መከላከያ አፈረሱ፤ ወታደሩም አንድ አደባባይ ወደፊት ተራመደ።

ካፓብላንካ የቀራቸው አንድ ተስፋ ነበር። በንግሥታቸው ያለማቋረጥ ቼክ እያሉ ጨዋታውን በአቻ መቋጨት። ሰባት ጊዜ ቼክ አሉ። የቦትቪኒክ ንጉሥ ግን ሰሌዳውን እያቋረጠ ሸሽቶ፣ ተጨማሪ ቼክ የማይደርስበት መጠለያ አገኘ። ካፓብላንካ በ41ኛው እርምጃ እጅ ሰጡ።

ይህ ቦታ ዛሬም የቼዝ መማሪያ መጻሕፍት ከማይዘሏቸው መልመጃዎች አንዱ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ቦትቪኒክ ኋላ ላይ ያመኑት ነገር ነው። ጳጳሱን ሲሠዉ የጨዋታውን ሂደት እስከ መጨረሻው አላሰሉትም ነበር። ቢያንስ አቻ መውጣት እንደሚችሉ አረጋግጠው ገቡበት፤ ቀሪውን ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ሆነው አሰሉ። የመራቸው የቁጥር ብዛት ሳይሆን ዓላማ ነበር፤ ያችን መንገድ የዘጋች ንግሥት ከቦታዋ ማንሣት። ማሽንም እንዲህ ማሰብ ይችላል የሚለው የኋለኛ ዘመን እምነታቸው ሥሩ ከዚህ ዓይነቱ ልምድ ይመዘዛል።

ዘውዱና ትምህርት ቤቱ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ከባለቤታቸው፣ ከባሌት ተወዛዋዥዋ ጋያኔ አናኖቫ ጋር ወደ ኡራል ተራሮች አካባቢ ተሰደዱ። ዓይናቸው ደካማ ስለነበር ወደ ጦር ግንባር አልዘመቱም። በዚያ በከፍተኛ ቮልቴጅ መሣሪያዎች ላይ በመሐንዲስነት ሲሠሩ ቆዩ፤ ማታ ማታ ደግሞ ጨዋታዎችን ይተነትኑ ነበር።

በ1946 የዓለም ሻምፒዮኑ አሌክሳንደር አልየኪን ዘውዱን እንደያዙ አረፉ። ክፍት የሆነውን መንበር ለመሙላት በ1948 አምስት ተጫዋቾች በሄግና በሞስኮ ተፋለሙ። ቦትቪኒክ ከ20 ጨዋታዎች 14 ነጥብ በመያዝ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ከዚያ በኋላ የነበሩት 15 ዓመታት ዘውድ የማጣትና የማስመለስ ዓመታት ሆኑ። በ1957 በቫሲሊ ስሚስሎቭ ተረትተው በቀጣዩ ዓመት አስመለሱ። በ1960 በ23 ዓመቱ ሚኻይል ታል ተሸነፉ። ብዙዎች ዘመናቸው አበቃ ሲሉ፣ የወጣቱን ጨዋታዎች አንድ በአንድ መርምረው በ49 ዓመታቸው 13 ለ8 በሆነ ውጤት ዘውዱን መለሱ። ለመጨረሻ ጊዜ ያጡት በ1963 በትግራን ፔትሮስያን ተሸንፈው ነው።

በዚያው ዓመት ለታዳጊዎች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ተማሪዎቹ በየጊዜው እየተሰበሰቡ የራሳቸውን ጨዋታ ራሳቸው ተንትነው ያቀርባሉ። መምህሩም ጉድለታቸውን ለይተው ለእያንዳንዱ የሚስማማውን የቤት ሥራ ይሰጣሉ። አንዱ መከላከል የሚሳነው፣ ሌላው የጨዋታ መዝጊያ የሚያስቸግረው፣ ሦስተኛው ታክቲክ የሚያመልጠው ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልመጃ አይታደልም። ቦትቪኒክ ሁልጊዜ ትክክል አልነበሩም። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቻቸው አንዱ የነበረው ቀጭኑ ልጅ አናቶሊ ካርፖቭ የትም አይደርስም ብለው ገምተው ነበር፤ እሱ ግን በ1975 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1973 የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ የመጣው ጋሪ ካስፓሮቭ በ1985፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቀላቀለው ቭላድሚር ክራምኒክ ደግሞ በ2000 የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል።

ሁለት መንገዶች

ኮምፒውተር ከቼዝ መልመጃ ጋር የተገናኘው ሙሉ ጨዋታ መጫወት ከመቻሉ በፊት ነው። በ1951 ዲትሪኽ ፕሪንዝ የተባሉ ተመራማሪ በእንግሊዝ ማንቸስተር በነበረ ኮምፒውተር ላይ በሁለት እርምጃ ቼክ ሜት የሚደረግበትን እንቆቅልሽ የሚፈታ ፕሮግራም ጻፉ። ማሽኑ የሚቻለውን እርምጃ ሁሉ አንድ በአንድ ይሞክር ነበር፤ አንዷን አጭር መልመጃ ለመፍታትም 15 ደቂቃ ገደማ ፈጀበት።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን የችግሩን መጠን በጽሑፍ አሳይተው ነበር። በአንድ የቼዝ ቦታ ላይ በአማካይ 30 ያህል እርምጃዎች ይቻላሉ። ሁለቱም ተጫዋቾች አንድ አንድ እርምጃ ሲሄዱ አማራጩ ወደ አንድ ሺህ ይጠጋል፤ ሁለት ሁለት ሲሄዱ ወደ አንድ ሚሊዮን። ሻነን ማሽኑ ከዚህ ጫካ የሚወጣባቸውን ሁለት መንገዶች አስቀመጡ። አንደኛው ሁሉንም አማራጭ እስከተወሰነ ርቀት መፈተሽ ነው። ሁለተኛው ተስፋ ያላቸውን ብቻ መርጦ በጥልቀት መከተል ነው። በ1965 ሻነን ወደ ሞስኮ ተጉዘው ከቦትቪኒክ ጋር ቼዝ ተጫወቱ፤ በ42 እርምጃም ተሸነፉ።

ቦትቪኒክ የመረጡት ሁለተኛውን መንገድ ነበር። በ1968 ሐሳባቸውን በመጽሐፍ አሳተሙ። በ1970 ከውድድር ዓለም ከተሰናበቱ በኋላም በሞስኮ የኤሌክትሪክ ኃይል ምርምር ተቋም ውስጥ ከወጣት የሒሳብና የፕሮግራም ባለሙያዎች ጋር ፓዮኒር የተሰኘ ፕሮግራም ለመገንባት ተጉ።

የፓዮኒር አሠራር እንዲህ ነበር። ማሽኑ በቅድሚያ ኢላማ ይመርጣል፤ ለምሳሌ ያልተጠበቀ የጠላት ጠጠር። ከዚያ የትኛው የራሱ ጠጠር፣ በየትኛው ጎዳና ኢላማው ጋር እንደሚደርስ ይለያል። ጎዳናውን ሊዘጋ የሚችለውን የተቃራኒ ወገን ጠጠር፣ ያንን ዘጊ ሊያስወግድ የሚችለውን የራሱን ጠጠር እያከለ አንድ የፍልሚያ ቀጠና ይሠራል። ከቀጠናው ውጭ ያለውን አይመለከትም። ይህ በአቭሮው ጨዋታ ላይ የቦትቪኒክ አእምሮ የሄደበት መንገድ ነው፤ ወታደሩ፣ ጎዳናው፣ ዘብ የቆመችው ንግሥት፣ ንግሥቲቱን የሚያባብለው ጳጳስ።

ፕሮግራሙን የሚፈትኑትም በመልመጃ ነበር። ጆርጂያዊው የቼዝ እንቆቅልሽ ደራሲ ጊያ ናዳሬይሽቪሊ ያዘጋጁት አንድ ከባድ እንቆቅልሽ ለፓዮኒር ቀረበለት፤ ቦትቪኒክም ፕሮግራማቸው ሁለት መቶ ያህል ቦታዎችን ብቻ መርምሮ እንደፈታው ይፋ አደረጉ። በወቅቱ ሌሎች ፕሮግራሞች በሺዎችና በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቦታዎችን ያስሱ ነበር። ሕልሙ እውን ሊሆን የተቃረበ መሰለ።

ያልደረሰው ማሽን

ሆኖም ፓዮኒር አንዲት ሙሉ ጨዋታ ለመጫወት ሳይበቃ ቀረ። በ1974 በስቶክሆልም የመጀመሪያው የኮምፒውተሮች ሻምፒዮና ሲደረግ አልደረሰም፤ ያሸነፈው ካይሳ ነበር። በ1977 ቶሮንቶ ላይም ቦትቪኒክ የተገኙት ተወዳዳሪ ፕሮግራም ይዘው አልነበረም። ካይሳ ማንም ያላየውን ቼክ ሜት በዓይናቸው ፊት ሲያገኝ ያየው፣ አማራጭን ሁሉ እየፈተሸ በሚሄደው መንገድ ነበር፤ እሳቸው በናቁት መንገድ።

ድካሙ ጨርሶ ከንቱ አልቀረም። የፓዮኒርን ዘዴ የተከተሉ ፕሮግራሞች በሶቪየት ኅብረት የኃይል ማመንጫ መሣሪያዎችን የጥገና መርሐ ግብር ለማውጣት አገልግለዋል። በቼዙ በኩል ግን ጥርጣሬ ተከተለ። ቦትቪኒክ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ፕሮግራማቸው ፈታቸው ያሏቸውን ቦታዎች ሲያሳትሙ፣ የቀድሞው የደብዳቤ ቼዝ የዓለም ሻምፒዮንና የኮምፒውተር ሳይንቲስት ሃንስ በርሊነር ውጤቱ በተገለጸው ዘዴ ሊገኝ አይችልም ሲሉ በጽሑፍ ተቃወሟቸው። የራሱን ስህተት ለሕዝብ በማሳተም ስም ያተረፈው ሰው፣ በመጨረሻ ሥራው ላይ በሌሎች እርማት ተፈተነ።

ቦትቪኒክ ግንቦት 5 ቀን 1995 በ83 ዓመታቸው ሞስኮ ውስጥ አረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1997፣ ዲፕ ብሉ የተሰኘው የአይቢኤም ኮምፒውተር ኒው ዮርክ ላይ የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ2.5 አሸነፈ። ማሽኑ በሴኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል ቦታዎችን ይፈትሽ ነበር። የመምህሩ መንገድ የተረታው በተማሪው ሽንፈት ውስጥ ነው።

ማሽኑ የሚሰጠው፣ የማይሰጠው

የዛሬው መልመጃ ሠሪ ሶፍትዌር የዚያ አሸናፊ መንገድ ልጅ ነው። ሊቸስ የተሰኘውን ነጻ የቼዝ መድረክ ብንወስድ፣ ሰዎች ያደረጓቸው ጨዋታዎች በኮምፒውተር ይመረመራሉ። አንዱ ተጫዋች ሲሳሳትና የጨዋታው ሚዛን በድንገት ሲያጋድል ፕሮግራሙ ያን ቦታ ይይዘዋል። ከዚያ ትክክለኛው እርምጃ አንድ ብቻ መሆኑን ያረጋግጣል። ሁለተኛው አማራጭም የሚያሸንፍ ከሆነ ቦታው ለመልመጃ አይሆንም፤ ተማሪው ትክክለኛ መልስ ሰጥቶ ተሳሳትክ ሊባል ነውና። የተረፈው ቦታ በዓይነቱ ይመደባል፤ ፈረስ ሁለት ጠጠሮችን በአንድ ጊዜ የሚያስፈራራበት፣ ዘብ የቆመ ጠጠር የሚታለልበት፣ ቼክ ሜት የሚደረግበት እየተባለ።

የክብደቱ መጠን የሚወሰንበት መንገድም ብልኅ ነው። መልመጃውና ተማሪው እንደ ሁለት ተጋጣሚዎች ይቆጠራሉ። ተማሪው ሲፈታ የእሱ ነጥብ ይጨምራል፣ ሲሳሳት የመልመጃው። በዚህ መልኩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መልመጃዎች ተዘጋጅተዋል። በሞስኮ ጥቂት የተመረጡ ልጆች ብቻ ያገኙት የነበረውን፣ በአቅም ልክ የተሰፋ የቤት ሥራ፣ ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ናይሮቢ ያለ ተማሪ በእጅ ስልኩ በነጻ ያገኘዋል።

የቀረ ነገር ግን አለ። ተማሪው መልመጃውን ሲከፍት በቦታው ላይ መፍትሔ እንዳለ አስቀድሞ ያውቃል። በእውነተኛ ጨዋታ ግን አሁን ፈልግ ብሎ የሚቀሰቅሰው የለም። ማሽኑም ጳጳሱን ሠዋ ይላል እንጂ፣ ያችን ንግሥት ከቦታዋ የማንሣት ሐሳብ ከወዴት እንደሚመነጭ አይነግረውም። በ2017 የተዋወቀው አልፋዜሮ ራሱን በራሱ አስተምሮ፣ በሴኮንድ 80 ሺህ ቦታዎችን ብቻ እየመረመረ በሴኮንድ 70 ሚሊዮን የሚመረምረውን ስቶክፊሽን አሸንፏል። ማሽን እየመረጠ ሊያስብ ይችላል የሚለው የቦትቪኒክ እምነት በሌላ በር ተመልሶ የመጣ ይመስላል። ይሁንና አልፋዜሮም ቢሆን የሚያውቀውን ለተማሪ አያስረዳም።

ቦትቪኒክ ለማሽን ሊያስተምሩት የሞከሩትን ማሽኑ አልተማረላቸውም፤ ልጆቹ ግን ተማሩት። ምናልባትም ልዩነቱ ያለው በመልመጃው ሳይሆን ከመልመጃው በኋላ በሚመጣው ሥራ ላይ ነው። በትምህርት ቤታቸው ልጆቹ ይዘው የሚቀርቡት የራሳቸውን ጨዋታ ነበር፤ የት እንደተሳሳቱ ብቻ ሳይሆን ሲሳሳቱ ምን እያሰቡ እንደነበር ጭምር ለማስረዳት። የአቭሮውን ቦታ ዛሬ ማንኛውም ስልክ በቅጽበት ይፈታዋል። ያንኑ ቦታ የሚከፍት ተማሪ ግን አሁንም ስልኩን ገልብጦ፣ ወታደሩንና ከፊቱ የቆመችውን ንግሥት እየተመለከተ፣ ቦትቪኒክ በ1938 ራሳቸውን የጠየቁትን መጠየቅ ይኖርበታል።